ሥዕል ያለው መጽሐፍና የመስቃን ሕፃን

ለሕፃናት መጽሐፍ መምረጥ ላይ ላዩን ሲመለከቱት ቀላል ሥራ ይመስላል። ገጹ ጥቂት፣ ቃሉ አጭር፣ ሥዕሉ ደማቅ በመሆኑ ማንም ሰው ገልጦ በአንድ አፍታ ሊፈርድበት የሚችል ይመስለዋል። ዳሩ ግን ፊደል ላልቆጠረ ልጅ የሚቀርበው የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጁ መጽሐፍን እንደ ወዳጅ ወይም እንደ ባዕድ መመልከት የሚጀምርበት በመሆኑ፣ ምርጫው ብርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ልጁ ገና ስለማያነብ የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው፤ መጽሐፉን የሚገዛው ሦስተኛ፣ የሚያሳትመው ደግሞ አራተኛ ሰው ነው። ከነዚህ ሁሉ መካከል በምርጫው ላይ ድምፅ የሌለው ልጁ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ለሕፃናት የሚሆን ሥዕላዊ መጽሐፍ ያለፈበት ታሪክ ሲመረመር ይኸው ነገር በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ሲደጋገም ይታያል።

ነገሩን ከአንድ አካባቢ አንጻር መመርመር ይበጃል። መስቃን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ከተማ ዙሪያ ያለ አገር ነው። ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሜዳ የሚወርድ ሲሆን፣ በደጋው በኩል እንሰት፣ በሜዳው በኩል በቆሎና በርበሬ ይበቅልበታል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲከፋፈል፣ ከጉራጌ ምድር ጋር በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ተካቷል። ሕዝቡ ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው መስቃንኛ አለው። በአጎራባቹም ክስታንኛ፣ ስልጥኛ፣ ማረቆኛና ኦሮምኛ ይነገራሉ፤ በከተማው ገበያና በትምህርት ቤቱ ጎልቶ የሚሰማው ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ በቡታጅራ በአንድ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች ከየቤታቸው ሦስትና አራት ልሳን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ልጆች በጋራ የሚነበብ መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚገጥመው ጥያቄ የትኛው መጽሐፍ ያምራል የሚለው ብቻ አይደለም፤ የትኛው መጽሐፍ ለሁሉም ይናገራል የሚለው ነው።

ሦስት ነገሮች በሦስት ቦታ

ሥዕላዊ መጽሐፍ ከመምጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ሕፃን ፊደል፣ ሥዕልና ተረት አጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ሦስቱ በልዩ ልዩ ቦታ ይኖሩ ነበር።

ፊደል በየኔታ ዘንድ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ ከሀ እስከ ፐ በስንጥር እየጠቆመ ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ ፊደለ ሐዋርያና ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሻገራል። በቁርኣን ትምህርት ቤት ደግሞ የዓረብኛውን ፊደልና አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያጠናል። የእስልምናና የክርስትና ተከታዮች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በጉራጌ ምድር ሁለቱም ሥርዓቶች ሥር የሰደዱ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ግን የልጁ የመጀመሪያ ጽሑፍ ሥዕል የሌለው፣ ቋንቋውም የእናቱ ያልሆነ ነበር። ልጁ ያነበበውን ትርጉም የሚያገኘው፣ ያውም የሚያገኝ ከሆነ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና ላይ ነበር። ማንበብ የማይችል ምእመን የቅዱሳኑን ገድል ከግድግዳው ላይ በዓይኑ ይከተላል፤ አዋቂ ያለ እንደሆነም በጣቱ እየጠቆመ ይተርክለታል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ተከታታይ ክፍሎች የሚያሳየው ልማዳዊ ሥዕልም የዚሁ ጥበብ ተወላጅ ነው። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል ማንበብ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ ሥዕል ለሕፃናት ተብሎ የተሣለ አልነበረም።

ተረት ደግሞ በምድጃ ዳር ነበር። ማታ እንስሳቱ ከገቡና እሳቱ ከተቆሰቆሰ በኋላ አያት ወይም ታላቅ እኅት በእናት ቋንቋ ትተርካለች፤ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ እንቆቅልሽ ይጋጠማሉ። በዚህ ጉባኤ ልጁ አድማጭ ብቻ ሳይሆን ተካፋይ ነው። ተረቱ ግን ፊደልም ሥዕልም አልነበረውም።

እንግዲህ ሥዕላዊ መጽሐፍ ማለት እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ የተገናኙበት ዕቃ ነው። በአውሮፓ ይህ ግንኙነት ብዙ ጊዜ የሚነገርለት እ.ኤ.አ. በ1658 ቼካዊው መምህር ኮመኒየስ ዓለምን በሥዕል የሚያስተምረውን መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ነው። የኮመኒየስ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ልጅ ቃልን ከመሸምደዱ በፊት ቃሉ የሚጠራውን ነገር ማየት አለበት። በኢትዮጵያ ግን ሦስቱ ለረጅም ጊዜ እንደተለያዩ ቆይተዋል።

ኅትመት፣ መንገድና ቋንቋ

የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአማርኛ መጻሕፍት ቁጥር እያደገ ሄደ። ከጠላት ወረራ በኋላም ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ መጻሕፍት መውጣት ጀመሩ፤ ከእነዚህም መካከል የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በብዙ ትውልድ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሆኖም እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት ማንበብ ለቻለ ተማሪ ነበር። ከትምህርት ዕድሜ በታች ያለው ልጅ እንደ አንባቢ አልታሰበም። መዋዕለ ሕፃናትም ቢሆን በመጀመሪያ የታየው ለውጭ አገር ሰዎች ልጆች፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ለተወሰኑ ቤተሰቦች ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተረት ከምድጃ ዳር ወደ መስኮቱ ተሸጋገረ። አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር እስካረፉ ድረስ ስማቸው ከልጆች ተረት ጋር ተሳስሮ ኖሯል፤ ከአርባ ዓመት በላይም በዚሁ ጣቢያ ለልጆች ተርከዋል። ነገር ግን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ከዚህም በላይ ልጁ ተራኪውን መልሶ ሊጠይቀው፣ ገጹንም መልሶ ሊገልጠው አይችልም ነበር።

በዚሁ ዘመን የጉራጌ ምድር ሕዝብ በራሱ መዋጮ ታላቅ ሥራ እየሠራ ነበር። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ለመንገድና ለትምህርት ቤት ሥራ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፤ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድም እንዲሠራ የአካባቢው ሕዝቦች ማኅበር አቋቁመው ተረባርበዋል። መንገድ ለንግድና ለትምህርት በር እንደሚከፍት ሕዝቡ አስቀድሞ ተረድቶ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ደብተርና የመማሪያ መጽሐፍ ተጓጉዟል፤ ከትምህርት ዕድሜ በታች ላለው ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ግን የሚጫንም የሚታሰብም አልነበረም።

በቋንቋ በኩልም ቢሆን የጉራጌ ልሳን ለጽሑፍ የማይመች ሆኖ አልነበረም። የጉራጌ ተወላጁ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለድ ድርሰቱን የጻፈው በቸሃ ቋንቋ ነው፤ ድርሰቱም በፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ሌስላው ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1982 የጉራጌን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እምነትና እንቆቅልሽ የያዘ መጽሐፍ አሳትመዋል። እንግዲህ የጉራጌ ተረት በባሕር ማዶ ለምሁራን ሲታተም፣ ተረቱን የወለደው ቤት ልጅ በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ አልነበረውም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቋንቋ ምርጫ ረገድ ታላቅ እርምጃ ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከ15ቱ አንዱ የመስቃን ጎረቤት የሆነው ስልጥኛ ሲሆን፣ መስቃንኛ ግን አልገባበትም። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ደግሞ ሰባት ቋንቋዎች ተመረጡ፤ እነርሱም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ ናቸው። ከጉራጌ ቋንቋዎች አንድም አልነበረም። ይህን በክፋት የተደረገ አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ገንዘብና ባለሙያ ውስን ሲሆኑ አንዱ ሲመረጥ ሌላው ይቀራል። የኅትመትን ቋንቋ በመምረጥ ብቻ ሁሉን ልጅ መድረስ እንደማይቻል ግን ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ቡታጅራ በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ስሟ የሚነሣው በሌላ ሥራ ነው። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአካባቢው የገጠር ጤና ጥናት መሥርቶ ልደትንና ሞትን በየቤቱ ሲመዘግብ ኖሯል። በዚህ ጥናት የመስቃን ሕፃን በሕይወት መኖሩና አለመኖሩ በትጋት ተቆጥሯል። በሕይወት የቀረው ልጅ በእጁ መጽሐፍ መያዙን ግን ማንም በዚያ ትጋት አልቆጠረም።

የአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጥያቄ

በኢትዮጵያ የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ ለሙያ ባልደረቦች ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ገጽ የተጻፈው በአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በነገሌ ቦረና ያደጉ ሲሆን፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደነበረ ተናግረዋል። በደርግ ዘመን ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። እዚያም ሳሉ በልዩ ልዩ የዓለም ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት መርጠው እንዲያስገዙ ኃላፊነት ተሰጣቸው። የሌሎቹን አገሮች መጻሕፍት መርጠው ወደ አማርኛው ሲደርሱ ግን የሚመርጡት አጡ።

ከዚህ አጋጣሚ ሁለት ነገር ተወለደ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታወቀውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ በሥዕል አስጊጠው ማሳተማቸው ነው። ሁለተኛው፣ 15,000 ያህል የልጆች መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት መክፈታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ።

ይህ ሥራ ሁለት ዓይነት መጻሕፍትን ጎን ለጎን አሰለፈ። በአንድ በኩል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ፣ ወረቀታቸውና ቀለማቸው ያማረ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የስጦታ መጻሕፍት አሉ፤ በሌላ በኩል ከአገር ተረት የተቀዱ በጣት የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉ። የመጀመሪያዎቹ በመርከብ የመጡ ሲሆን፣ ምርጫቸው በአብዛኛው የተፈጸመው በለጋሹ አገር ነው። በእርግጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ባዕድ አይደለም። በሌሊት ብርድ በተራራ ጫፍ ላይ ራቁቱን ቆሞ ከሩቅ የሚታይ እሳት እየተመለከተ ስላደረው ሰው የሚነገረውን የኢትዮጵያ ተረት ኮርላንደርና ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994ም በማጂ ያደገችው አሜሪካዊቷ ደራሲ ጄን ከርትዝ በሥዕላዊ መጽሐፍ መልክ አውጥታዋለች። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ቃሉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ሥዕሉ የደጋ ልጅ የሚያውቀውን አገር ያሳያል፤ የዘቢዳርን ብርድ የሚያውቅ የመስቃን ልጅም ታሪኩን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም።

ዘመናዊው ዜሮ ክፍልና የመረጣ ሸክም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናት ቦታ ቢሰጥም፣ ሥራው ለብዙ ዓመታት ለግል ባለሀብቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ በአጭር ጊዜም የብዙ የገጠር ልጆች መግቢያ በር ሆነ። በዚያው ዓመት በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። ይህ አኃዝ ብዙዎችን አስደንግጦ ጥረቱ ሁሉ ወደ ፊደል እንዲያዘነብል አድርጓል፤ በብዙ ክፍል ውስጥም ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የፊደል ገበታ ነው። ጥያቄው ግን ልጁ ፊደሉን አለማወቁ ብቻ አልነበረም፤ ፊደሉ ወደ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳየው መጽሐፍ አስቀድሞ አለማየቱም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው ተመራማሪ ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች ሥዕላዊ መጽሐፍን ዝም ብለው ከማንበብ ይልቅ ልጁን እየጠየቁ፣ መልሱን እያሰፉ፣ ተራኪነቱን ለልጁ እየለቀቁ ሲያነቡ የልጁ ንግግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎልቶ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ለጉራጌ እናት ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በምድጃ ዳር ያለው ተረትና እንቆቅልሽ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። አዲሱ ነገር በመካከሉ መጽሐፍ መግባቱ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ለመስቃን ልጅ መጽሐፍ ሲመረጥ ዋናው መለኪያ መጽሐፉ ይህን የቆየ ጉባኤ የሚያስቀጥል መሆኑና አለመሆኑ ሊሆን ይገባል።

ከታሪኩ የሚገኘው መመዘኛ

ከላይ የተነገረው ታሪክ ለመራጩ ጥቂት ጠንካራ መመዘኛዎችን ይሰጣል።

የመጀመሪያው፣ ጽሑፉን በእጅ ሸፍኖ ሥዕሉን ብቻ መመልከት ነው። ታሪኩ ያለ ቃል ከገጽ ወደ ገጽ የሚሄድ ከሆነ፣ መምህርቷ በመስቃንኛ፣ ረዳቷ በስልጥኛ፣ ታላቅ ወንድምም በአማርኛ ሊተርኩት ይችላሉ። ሥዕሉ ቃሉን ከማስጌጥ ያለፈ ሥራ ከሌለው ግን መጽሐፉ የታተመበትን ቋንቋ ለማይሰማ ልጅ ዲዳ ነው። ኅትመት ባልደረሰው ቋንቋ መጽሐፍ ማንበብ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው፣ ልጁ የሚያውቀውና የማያውቀው በአንድነት መገኘታቸው ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፍን ራስን በሚያሳይ መስታወትና ሌላውን ዓለም በሚያሳይ መስኮት መስላዋለች። የመስቃን ልጅ የሙዝ ተክል ሥዕል ቢያይ እንሰት ብሎ ሊጠራው ይችላል። ብልህ አንባቢ ፈጥኖ አያርመውም፤ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ ቆጮ ከየትኛው እንደሚፋቅ፣ ፍሬውስ የት እንዳለ ይጠይቀዋል። በዚህ ጊዜ መስታወቱ መስኮት ይሆናል። መስኮት ብቻ የሆነ መጽሐፍ፣ ለምሳሌ ስለ በረዶ ሰው የሚናገር፣ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሊሆን ግን አይገባም።

ሦስተኛው፣ የቤተሰቡን ልማድ ማክበር ነው። በአውሮፓ የልጆች መጻሕፍት የአሳማ ግልገል ተወዳጅ ባለ ታሪክ ነው። ሙስሊሙም ሆነ ኦርቶዶክሱ ቤተሰብ አሳማን በማይመገብበት አገር እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ቤት መላክ ወላጅን ከመጽሐፍ ማራቅ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ፍየል፣ ጅብ፣ ጦጣና ቀበሮ በሁሉም ቤት ተረት ውስጥ ያሉ ናቸው። ሁለቱን እምነቶች በእኩል ዓይን የሚያሳይ የገበያ ወይም የጉርብትና ሥዕልም በቡታጅራ ላለ ክፍል ትልቅ ዋጋ አለው።

አራተኛው፣ የመጽሐፉ አካል ነው። ብዙ ልጆች ከአንድ መምህር ፊት በሚቀመጡበት ክፍል በኋለኛው ረድፍ ያለው ልጅ የማያየው ሥዕል ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ስፌቱ ላልቶ ገጹ የሚረግፍ መጽሐፍም በአንድ ወር ውስጥ ታሪኩ ይቆራረጣል፤ ይህ ከሆነ መጽሐፉ በሣጥን ተቆልፎ ከልጁ እጅ ይርቃል። ስለሆነም በአነስተኛ በጀት ሠላሳ ደካማ መጻሕፍት ከመግዛት ዐሥር ጠንካሮችን መግዛት ይመረጣል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ የልጆቹ ፍርድ ነው። በታሪኩ ሁሉ ድምፅ ያጣው ልጁ እንደሆነ ታይቷል። ድምፁን ለመስማት ግን ረቂቅ ጥናት አያስፈልግም። አንድ መጽሐፍ ከተነበበ በኋላ ልጆቹ ይደገምልን ካሉ፣ በማግስቱም አንዱ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ለጓደኛው በራሱ ቋንቋ እየተረከ ከተገኘ፣ መረጣው ተሳክቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በአንዲት ደብተር የሚመዘግብ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለቀጣዩ ግዢ ከማናቸውም የአሳታሚ ዝርዝር የበለጠ መመሪያ ያገኛል።

መንገዱን በመዋጮ ያሠራ ሕዝብ ለልጆቹ መጽሐፍ ለማዋጣት አቅም አያንሰውም። የጉራጌ ተረት ተሰብስቧል፤ ሠዓሊ አለ፤ ዜሮ ክፍሉም ተከፍቷል። የጎደለው ፊደልን፣ ሥዕልንና ተረትን በአንድ ገጽ ላይ አገናኝቶ ከልጁ ጭን ላይ የሚያኖር መራጭ ነው። ይህም ከሌላ ከማንም የማይጠበቅ፣ የሙያው ባልደረቦች የራሳቸው ድርሻ ነው። እስከዚያው ድረስ በቡታጅራ ያለች መምህርት በእጇ ያለውን መጽሐፍ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይታተም፣ ገልጣ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ አዙራ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ በእናታቸው ቋንቋ ልትጠይቅ ትችላለች። ልጆቹም በየልሳናቸው ይመልሱላታል።